የራዲዮ ቋጠሮ

ስልኩ ሲጮኽ ሴትዮዋ የሆቴሉን አልጋ እያነጠፈች ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው እንዳለ ባሏ ከመጡ ጀምሮ ሲነግራት ሰንብቷል፤ እሷ ግን የተኛችበትን አልጋ እንደተዝረከረከ ለሰው ጥሎ መውጣት አይሆንላትም። ትራሱን በአገጯ ይዛ በአንድ እጇ ስልኩን አነሳች። ልጇ ናት።

«እማዬ፣ አባዬ አጠገብሽ ነው?»

«መታጠቢያ ቤት ገብቶ ጺሙን እየላጨ ነው። ምነው ድምፅሽ?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማሻለሁ፣ ተናገሪ።»

«አጎቴ... ጠዋት ሊቀሰቅሱት ቢሄዱ አልነሳ አለ። እንደተኛ በዚያው ቀረ። ምንም አላመመውም ነበር አሉ፣ እማዬ።»

ትራሱ ከአገጯ ወደቀ። ልጇ አጎቴ ያለችው የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም ነው። እሷ ጋሼ ትለዋለች፤ የቀረው ሰው ሁሉ፣ ሚስቱ ሳትቀር፣ ራዲዮ ነው የሚለው።

«ቀብሩ ነገ ጠዋት ነው» አለች ልጅቷ እንባዋን እየዋጠች። «ለአባዬ እንዳትነግሪው። ሐኪሙ ስለ ልቡ ያለውን ታውቂያለሽ። ሰው አገር ሆኖ ቢደነግጥ ማንን ልትጠሪ ነው? ስትመለሱ ሁላችንም ባለንበት እንነግረዋለን።»

«የቀትሩ አውሮፕላን አለ አይደል?»

«አለ። ግን ምን ብለሽ ታሳፍሪዋለሽ?»

ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የባሏ ድምፅ መጣ። «አለሽ?»

ይህ የሰውየው አመል ነው። እሱና ሌላ ሰው በአንድ በር ከተለያዩ፣ ትንሽ ጸጥታ ከመጣ፣ «አለሽ?» ወይም «አለህ?» ይላል። ልጃቸው ከጡት ተነጥላ ለብቻዋ መታጠብ ከጀመረች ወዲህ ሳሙና በአፏ እየገባ «አለሁ አባዬ!» እያለች ነው ያደገችው።

«አለሁ» አለች ሴትዮዋ። የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ስልኩን ዘግታ ትራሱን ከመሬት አነሳች፤ አራገፈችውና ቦታው አስቀመጠችው።

የአመሉ ምንጭ ፋብሪካው ነው። እነሱ ከተማ ባለው ቢራ ፋብሪካ፣ በዚያ ዘመን ታንከሮቹ የሚታጠቡት በሰው እጅ ነበር። ቢራው ተቀድቶ ሲያልቅ ታንከሩ ሥር አተላ ይቀራል፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ እንደ ተረሳ ሊጥ ላዩ የደረቀ፣ ውስጡ የሚንቦጫቦጭ። ከአተላው በላይ ደግሞ ዓይን የማያየው ክፉ አየር ይተኛል። አንድ አጣቢ ብሩሹን እንደያዘ እዚያ አየር ውስጥ አንቀላፍቶ ከቀረ ወዲህ ሕግ ወጣ። ማንም ብቻውን አይገባም። አንዱ በወገቡ ቀበቶና ገመድ ታስሮ በጠባቧ በር ሾልኮ ይገባል፤ ሌላው የገመዱን ጫፍ ይዞ ውጭ ይቆማል። የገባው ዝም ማለት አይፈቀድለትም። ያውራ፣ ይዝፈን፣ ይሳደብ፣ ብቻ ድምፁ ይሰማ። ዝም ካለ «አለህ?» ይባላል። መልስ ከጠፋ ገመዱ ይሳባል። ቋጠሮው የሚታሰረው ከኋላ ነው፤ የገባው ሰው ሙቀቱ ሲያስጨንቀው በገዛ እጁ እንዳይፈታው። የሚፈታውም ያሰረው ሰው ነው።

ጋሼ የሚገባው ነበር። ባሏ ደግሞ ገመድ ያዡ። አንዱ አፍ፣ ሌላው ጆሮ። ባሏ በቀን ከሚናገረው ቃል ይልቅ የሚያስነጥሰው ይበልጣል እየተባለ ይቀለድበታል፤ ጋሼ ግን «አለህ?» እስኪባል ጠብቆ አያውቅም። ራሱን ወደ ታንከሩ ሲያስገባ ጀምሮ፣ መልሶ እስኪያወጣ ያወራል። የጎረቤቱን ጠብ ያወራል፣ የፎርማኑን አረማመድ ያወራል፣ ትናንት ያየውን ሕልም ከነውሸቱ ይተርካል። ታንከሩ ድምፁን ተቀብሎ እያገሳ ሲመልሰው ግቢው ሁሉ ይሰማል። ሠራተኛው ምሳውን ይዞ ከታንከሩ ሥር መቀመጥ ለመደ። «ዛሬ ራዲዮው ምን አለ?» ይላል አርፍዶ የመጣ። ስሙ በዚያው ቀረ።

ሴትዮዋ የተዳረችውም በዚያው ጣቢያ ነው። አንድ ቀን ራዲዮ አተላውን እየፋቀ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቱታህ ይሸታል፤ ከእኔ ይበልጥ ይሸታል። እህቴ የኔን ስታጥብ ያንተንም ትጨምርልህ ነበር፣ ግን ለባዳ አታጥብም። ዘመድ እንድትሆን ከፈለግህ ገመዱን አንዴ ጎተት አድርግ!» አለ። ባሏ አፉን ከሚከፍት ሞቱን ይመርጣልና፣ ገመዱን በሙሉ ኃይሉ ሳበው። ራዲዮ በአተላው ላይ በጀርባው እየተንሸራተተ በሩ ጋ መጥቶ ተላተመ። «ኧረ በሕግ! አማቼ ገደለኝ!» እያለ ሲጮኽ የምሳ ተመጋቢው በሳቅ ወደቀ።

የሁለቱንም ቱታ ያጠበችው እሷ ናት። መጀመሪያ የወንድሟን፣ ቀጥሎ የሁለቱን። አተላው በጨርቁ ክር ውስጥ ይደርቅና ውሃ ሲነካው እንደገና ነፍስ ይዘራል። የሚወጣው ውሃ ቢጫ ነው፤ ላዩ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል። ሽታው አንዴ የተበላሸ ዳቦ፣ አንዴ የበሽተኛ ላብ ይሆናል። ጎረቤቶቿ የእሷ ልብስ ሲሰጣ የራሳቸውን ከገመዱ ያነሱ ነበር። ትንፋሿን ይዛ እያሸች፣ ሲያቅታት ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ እየተነፈሰች አጠበች። ቢራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ኋላ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትቀጠር፣ ሌሎቹ የሚሸሹትን አንሶላ እሷ እንደ ዋዛ ታነሳው ነበር።

በመጨረሻ ታንከሩን በራሱ የሚያጥብ መሣሪያ መጣና አጣቢዎቹ ተሰናበቱ። በመጨረሻው ቀን ቋጠሮው በውሃና በአተላ አብጦ አልፈታ አለ። ፎርማኑ በቢላ ይቆረጥ ሲል ራዲዮ «ዞር በል!» አለው፤ ገመዱን ብቻ አስቆረጠና ከቱታው ከነቀበቶው በሳሙና እየተንሸራተተ፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ወጣ። ቀበቶውን ከነቋጠሮው ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ በምስማር ሰቀለው። ለባሏም እንዲህ አለው፦ «ያሰርከኝ አንተ ነህ፣ የምትፈታኝም አንተ። የሞትኩ ቀን ከቤት ሳያወጡኝ በፊት ትፈታዋለህ። ታስሬ ወደ ታች መውረድ እዚያ ፋብሪካ በቃኝ።»

ባሏ ለጥየቃ በሄደ ቁጥር ቋጠሮውን በጥፍሩ ይነካካዋል።

«ልፍታው?»

«ኧረ ተው አንተ፣ ገና ሻይዬን አልጨረስኩም!»

ከዚያ ይተወዋል። ያ ዝምተኛ ሰው በዕድሜው ከሰው የተቀበለው አደራ ይህ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ታውቃለች። በቀትሩ አውሮፕላን ከተሳፈሩ፣ ነገ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ ይደርሳል። ካልተሳፈሩ አይደርስም። የሚጠበቅባት አፏን መክፈት ብቻ ነበር።

ባሏ አገጩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ ወጣ። ቆርጦታል።

«ምነው ፊትሽ?»

«ትራሱ አልተመቸኝም።»

ቁርስ ላይ እነግረዋለሁ አለች። ቁርስ ላይ የልቡን ኪኒን አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ፤ ነጭ፣ ትንሽ፣ ለምንም የማትበቃ የምትመስል። እሱ ኪኒኗን ሲውጥ እሷም ቃሏን ዋጠች። ባቡር ላይ እነግረዋለሁ አለች። ባቡር ላይ ቦታ ተለቀቀላትና ተነጣጥለው ተቀመጡ።

የሚሄዱት እዚሁ ሰው አገር ያለ ቢራ ፋብሪካ ነው። ለጋብቻቸው መታሰቢያ ይህን ጉዞ ያዘጋጀችላቸው ልጃቸው፣ «አባዬ ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ ቢያይ ደስ ይለዋል» ብላ የመግቢያ ትኬቱን ከቤት ሆና ቆርጣለች። ፋብሪካው ቢራ መጥመቅ ካቆመ ቆይቷል። አሁን የሚያመርተው ጎብኚ ነው።

ሽታው ገና በሩ ላይ ተቀበላቸው። ጣፋጭ ነው፤ ከረሜላና ሽቶ ተቀላቅሎ። ጣሪያው ላይ ካሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ፍስስ እያለ ይወርዳል። ሴትዮዋ ከሆስፒታሉ የውጭ ሐኪሞች በለቃቀመችው ቋንቋ ጽሑፉን አነበበችለት።

«የብቅል መዓዛ ነው ይላል።»

«ብቅል?» ባሏ አፍንጫውን ነፋ። «ይሄ የሕፃን ሳሙና ነው።»

ወለሉ ያጣብቃል። በየእርምጃው ጫማዋ ቸክ፣ ቸክ እያለ ይላቀቃል። የትናንት ጎብኚ ያፈሰሰው ቢራ ነው፤ ማንም ያጠበው የለም። በተራ ለሁሉም ነጭ ቱታ ተሰጠ፤ ደረቱ ላይ የሚስቅ ጠርሙስ የተሳለበት። የእሷ ቱታ አንገት በሌላ ሴት የፊት ቅባት ወይቧል፤ ብብቱ ገና እርጥብ ነው። የማታውቃትን ሴት ላብ ለብሳ ቆመች። ጎብኚዎቹ እርስ በርስ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይቦርቃሉ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት አለ፤ ጠቋሚዎቹ አረፋ የሚደፋ ብርጭቆ ተደርገው የተሠሩ። ቀትር ሩቅ ነው። አሁን፣ አለች በልቧ። ባሏ ግን ቀድሟት ሄዷል።

ከመዳብ የተሠራ አሮጌ ታንከር ፊት ደረሱ። ጎኑን ቀደው ሰፊ በር አውጥተውለታል፤ ውስጡ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይዞራል። ጎብኚው ተግተልትሎ ገባ። ሴትዮዋም ተገፍታ ገባች። ባሏ በሩ ላይ ቀረ።

ውስጥ መካከል ላይ ሣህን መሳይ ነገር ተቀምጧል። «ንኩኝ» ይላል ጽሑፉ። በሣህኑ ውስጥ ቡናማ፣ የሚንቀጠቀጥ የጎማ አተላ አለ። አንዲት ኮረዳ ጣቷን ሰካችበትና «ዩዩዩ!» ብላ ሳቀች፤ ጓደኛዋ ፊቷ ላይ ሊቀባት አስመሰለ። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ወንድሟ ብሩሹን ይዞ ከጉልበቱ በላይ የተዘፈቀበትን ነገር ልጆች እንደ ሊጥ ይጨብጡታል። እሱ አሁን እየታጠበ ይሆናል። የሚያጥበው ማን ይሆን? ጆሮውን በደንብ ያጥቡታል? ጆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ አተላ ይቀር ነበር።

መብራቱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ ፊልም ተጀመረ። ሁሉም ዝም አለ።

«አላችሁ?»

የባሏ ድምፅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ቀኝ እጁ የሌለ ገመድ እንደጨበጠ። ሰዎቹ ዞር አሉ። አንዱ ጎረምሳ ድምፁን አወፍሮ «አላቹ!» ብሎ ደገመው፤ ታንከሩም እያገሳ መለሰው። ሳቅ ሆነ። ሴትዮዋ ሰው እየገፋች ወደ በሩ ወጣች።

«አለሁ» አለችው በጆሮው።

«ዝም አሉ እኮ» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

ቀጥሎ ባለው ክፍል አጣቢው ቆሟል። ፕላስቲክ ነው። ጉንጩ ቀይ፣ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ፣ ቱታው ላይ ጠብታ እድፍ የሌለበት። «ደስተኛው አጣቢ» ይላል ሰሌዳው። ወገቡ ላይ ገመድ አለ፤ ቋጠሮው እምብርቱ ላይ እንደ ሕፃን ጫማ ክር በሁለት ጆሮ ታስሯል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ቧንቧ ላይ ተጠምጥሟል።

ባሏ ዞሮ አየው። እንደገና ዞረው።

«ፊት ለፊት አሰሩት!»

«ተወው፣ አሻንጉሊት ነው።»

«ያዡስ? ያዡ የታለ? ሰውየውን ቧንቧ ላይ አስረውት ሄዱ!» በጋብቻ ዘመናቸው ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ከዚያ ሰንሰለቱን ተሻግሮ ገባ። ቋጠሮውን በአንድ መዘዝ ፈታው፤ ገመዱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ጉልበቱን ፕላስቲኩ ወገብ ላይ ደግፎ አጠበቀ፤ በእጁ አይታው የማታውቀው ፍጥነት ነበር። አስጎብኚዋ፣ ጠጉሯን በቆርኪ ያስጌጠች ወጣት፣ እየሮጠች መጣች።

«ምን ትላለች?»

«አትንካው ትላለች።»

«እንደዚያ ካሰሩት ይሞታል በያት።»

«ምን ይሞታል፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!»

«በያት!»

አለቻት። አስጎብኚዋ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችና ከት ብላ ሳቀች። ለሌሎቹ ተረጎመችላቸው። ሁሉም ሳቁ፤ አጨበጨቡ፤ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጹት ጀመር። አስጎብኚዋ ከኪሷ የነጻ ቢራ ኩፖን መዝዛ እንደ ሽልማት መዳፉ ላይ አኖረችለት፣ ጉንጩንም መታ መታ አደረገችው። ሴትዮዋ ያቺን እጅ እንደ ዝንብ ብታባርራት ወደደች።

ባሏ ግን ፊቱ በርቷል። «ራዲዮን ጥሪልኝ» አለ። «በቪዲዮ ደውይለት፣ ይሄን ጥርሳም ይየው። በሳቅ ነው የሚሞተው!»

ሰዓቱ ከጀርባው ነበር። ሁለቱ የብርጭቆ ጠቋሚዎች ገና ቀትር ላይ አልተገናኙም። ታክሲ ቢይዙ ይደርሳሉ። ሻንጣ ይቅር።

«ኔትወርክ የለም» አለችው። «ላይ ስንወጣ።»

ከአፏ ያመለጣት ይህ ነው። ሊፍቱ ጋ ሰልፍ ነበር። ሰልፉ ሲያልቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ አለፉ፤ የቢራ ሳሙና፣ የቢራ ሻማ፣ አረፋ የሚመስል ነጠላ ጫማ። ሌላ ሊፍት፣ ሌላ ሰልፍ። ጣሪያው ላይ በመስታወት የታጠረ መጠጥ ቤት አለ፤ ከተማው በሙሉ ይታያል። ጠረጴዛው ላይ የሌላ ሰው ከንፈር ቀለም የታተመበት ብርጭቆ ተቀምጧል፤ አረፋው ደርቆ ጎኑ ላይ እንደ ምራቅ ወርዷል። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛውን ጠረገች። መሐረቡ ተጣበቀ። ቀና ስትል አውሮፕላን ከቤቶቹ ማዶ ወደ ላይ እየወጣ ነበር። የእነሱ ይሁን የሌላ አታውቅም። ሰዓቱ ግን አልፏል።

አስተናጋጁ የባሏን ስልክ ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር አገናኘለት፣ ሁለት ብርጭቆ ቢራም አስቀመጠ። ባሏ በአንድ ጣቱ ተጭኖ ደወለ፤ ስልኩን ከፊቱ አርቆ ያዘ፤ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሷል። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ።

«ራዲዮ ዛሬ ምን ነካው?»

እንደገና ደወለ። ስልኩ እየጠራ ሳለ ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ። ዕድሜውን በሙሉ አንድን ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ዝምታን ከዝምታ ይለያል።

«አለህ?» አለ ለሚጠራው ስልክ። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። «አለህ?» ከዚያ ዓይኑን አንስቶ ሚስቱን አያት።

«አይመልስም» አለችው።

«መቼ?»

«ሌሊት። ተኝቶ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«አልጋ ሳነጥፍ።»

ልቡን ጠበቀች። እጇን ወደ ኪኒኑ ኪስ ሰደደች። ልቡ ምንም አልሆነም። እንደ ወትሮው ተነፈሰ፣ እንደ ወትሮው ተቀመጠ። ፊቱ ላይ የመጣው ድንጋጤ አልነበረም። እሷን የሚያያት፣ ሰው የተጣበቀውን መሐረቧን በሚያይበት ዓይን ነበር።

«ቀብሩስ?»

«ነገ ጠዋት።»

«የቀትሩ አውሮፕላን።»

«ሄዷል።»

ብርጭቆውን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። «የፕላስቲኩን ስፈታና ሳስር ቆመሽ አየሽኝ» አለ። «የራዲዮን እያወቅሽ።»

ልቡን ፈራሁ ልትል ነበር፤ በዚያ ፈንታ መሐረቡን ከጠረጴዛው አላቀቀች። ባሏ ለልጃቸው ደውሎ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀበቶውን ማንም እንዳይነካው። ልጅቷ የራዲዮ የበኩር ልጅ ይፍታው ወይ ብትለው፣ «እሱ አላሰረውም» ብሎ ዘጋው።

ሆቴል ሲመለሱ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ሽታው ጠጉሯ ውስጥ ገብቷል፤ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ውሃውን ዘግታ ጆሮዋን ሰጠች። ባሏ ከበሩ ማዶ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ታውቃለች። ጸጥታው ረዘመ። እሱ «አለሽ?» አላለም።

«አለሁ» አለች እሷ፣ ሳትጠየቅ።



በማግስቱ በቀትሩ አውሮፕላን ተሳፍረው ገቡ። ራዲዮን የቀበሩት ጠዋት ነበር። ወንበሮቹ ከጎረቤት መጥተው ሳሎኑን ሞልተዋል፤ የፋብሪካ ጓደኞቹ በየጥጉ ተቀምጠዋል፤ ከማንም አፍ ወሬ አይወጣም። እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ዝምታ ተሰምቶ አያውቅም። ባሏ ከምስማሩ ሥር ተቀመጠ። ሰዎቹ ቦታ ለቀቁለት፤ ሊፈታው ነው ብለው ጠበቁ። እጁን አነሳና ቋጠሮውን ነካው፤ አተላው በውስጡ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። «ከቤት ሳያወጡኝ» ነበር ያለው፤ እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ።

የጉዞውን ሻንጣ ሴትዮዋ እስካሁን አልከፈተችውም። ባሏ ከዚያ ወዲህ በተዘጋ በር በኩል ጠርቷት አያውቅም። ቀበቶው ምስማሩ ላይ ነው። ቋጠሮው አልተፈታም።